ቢንቢዋ የማን ናት?

በዛሬው ዓምዳችን ከሳሎን ወጥተን ወደ ጓሮ እንዘልቃለን።

ሚዛን ተፈሪና ቴፒ ለምትኖሩ ይህን ምሽት መግለጽ አያስፈልግም። ዝናቡ አባርቶ ከጣሪያው ጠብታ ብቻ ቀርቷል። ቡናው ተቆልቶ ጀበናው ተጥዷል፤ ልጆች በረንዳው ላይ ናቸው። ወዲያው ከጆሮ ሥር ያቺ ቀጭን ድምፅ ትመጣለች። አንዱ ያጨበጭባል፣ ሌላው ቁርጭምጭሚቱን ያካል። «ከጫካው ነው የሚመጡት» ይላሉ አባት። «ኧረ ከወንዙ ነው» ይላሉ እናት። «ዘንድሮ መድኃኒት አልተረጨም» የሚልም አይጠፋም። ከበረንዳው አምስት እርምጃ ርቆ፣ ከአሸንዳው ሥር ስለተቀመጠው ክዳን የሌለው በርሜል ግን ማንም አያነሳም።

እስቲ ነገ በዚያ በርሜል ላይ ባትሪ አብሩበትና ዝቅ ብላችሁ ተመልከቱ። ከሩዝ ፍሬ የቀጠኑ፣ እየተጠማዘዙ የሚወርዱና የሚወጡ ትሎች ካያችሁ የጥያቄው መልስ ተገኝቷል። እነዚያ የሚመጣው ሳምንት ቢንቢዎች ናቸው። ቢንቢዋ የማን ናት? ብዙውን ጊዜ የእኛው ናት፤ አለዚያም የጎረቤታችን። እኛው ባስቀመጥንላት ውሃ ውስጥ ተወልዳ እኛኑ ትነክሳለች። መልሱ ደስ ባይልም አንድ መልካም ነገር አለበት፤ የእኛ የሆነውን ነገር እኛው ልናስወግደው እንችላለን።

ለምን ከጓሮ እንጀምራለን?

ወባ በአገራችን በአብዛኛው ከ2,000 ሜትር በታች ያሉ ቦታዎች በሽታ ነው። ሚዛን ተፈሪ 1,400 ሜትር ገደማ፣ ቴፒ ደግሞ ወደ 1,200 ሜትር ላይ ናቸው። በበቃ ከዚያም ይወርዳል። ሙቀት አለ፤ ዝናብም ዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አይጠፋም። ስለዚህ በቡና አገራችን ቢንቢ የአንድ ወር እንግዳ አይደለችም።

እ.ኤ.አ. ከጥር 1 እስከ ጥቅምት 20 ቀን 2024 ድረስ ብቻ በኢትዮጵያ ከ7.3 ሚሊዮን በላይ ሰው በወባ መታመሙንና 1,157 ሰው መሞቱን የዓለም ጤና ድርጅት አስታውቋል። ከእነዚህ ቁጥሮች በስተጀርባ ትምህርት ያቋረጠ ልጅ፣ ቡና በሚለቀምበት ሰሞን አልጋ ላይ የዋለ አባት፣ ፅንሷን ያጣች እናት አሉ። በተለይ ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናትና ነፍሰ ጡሮች ከሁሉ ይልቅ ይጎዳሉ።

«ታዲያ መድኃኒት አይረጭም ወይ?» ትሉ ይሆናል። ይረጫል፤ ባለሙያዎች ሊረጩ ሲመጡ ቤታችንን መክፈትና ግድግዳውን በኋላ አለመለቅለቅ ግዴታችን ነው። ነገር ግን ቢንቢዎች መድኃኒትን ይለማመዳሉ። ለአሥርተ ዓመታት ያገለገለው ዲዲቲ ከእ.ኤ.አ. 2009 ገደማ ጀምሮ በሌሎች መድኃኒቶች የተተካው አቅሙ ስለደከመ ነው። ጅማ አካባቢ የተደረጉ ጥናቶችም ቢንቢዎች አጎበር የሚነከርበትን የመድኃኒት ዓይነት ሳይቀር መቋቋም መጀመራቸውን አሳይተዋል። ቢንቢ የማትለማመደው አንድ ነገር ቢኖር የውሃ ማጣትን ነው። ውሃ ከሌለ እንቁላል የምትጥልበት የላትም።

ሌላም ምክንያት አለ። አካባቢያችን የማር አገር ነው። የሸካ ደን እ.ኤ.አ. በ2012 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ቦታ ሆኖ ተመዝግቧል። ከሱቅ ገዝተን በየአበባውና በየቁጥቋጦው የምንነፋው መርዝ ቢንቢን ብቻ መርጦ አይገድልም፤ የቡና አበባ የምትቀስመዋን ንብም ይገድላል። መርዙ በዝናብ ታጥቦ ጅረት ሲገባ ደግሞ ዓሣው ተረኛ ይሆናል። ስለዚህ ያለ መርዝ የምንሠራውን ሁሉ አስቀድመን እንሥራ።

የቢንቢዋ ሳምንት

ቢንቢ እንቁላሏን ውሃ ላይ ወይም ውሃ ዳር ትጥላለች። እንቁላሉ እጭ ይሆናል፤ እጩ ውሃ ውስጥ አድጎ፣ ቅርጹን ለውጦ፣ ክንፍ አውጥቶ ይበርራል። በሞቃት አካባቢ ይህ ሁሉ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ውስጥ ይፈጸማል። የነገሩ ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። በሳምንት አንድ ጊዜ ውሃውን የሚደፋ ቤተሰብ ቢንቢዋ ክንፍ ሳታወጣ ይደርስባታል። በሁለት ሳምንት አንዴ የሚደፋ ግን አንድ ትውልድ አሳድጎ ሊሸኝ ይችላል።

በርሜል ውስጥ ያያችኋቸው እጮች የየትኛዋ ቢንቢ እንደሆኑ ለማወቅ አቋማቸውን ተመልከቱ። ከውሃው ፊት ጋር እኩል ተጋድመው ከተንሳፈፉ የወባ ቢንቢ እጮች ናቸው። ጭራቸውን ወደ ላይ አድርገው ጭንቅላታቸውን ዘቅዝቀው ከተንጠለጠሉ ሌሎቹ ናቸው። ሌሎቹ ስንል ግን «አይጎዱም» ማለታችን አይደለም። እግሯ በነጭ የተዥጎረጎረውና በቀን የምትነክሰው ኤደስ የተባለችው ቢንቢ ደንጊ፣ ቺኩንጉንያና ቢጫ ወባ የተባሉትን በሽታዎች ታስተላልፋለች። በአገራችን ደንጊ እ.ኤ.አ. በ2013፣ ቺኩንጉንያ ደግሞ በ2019 ድሬዳዋን አምሰዋታል።

ጓሮአችንን እንዙር

እንግዲህ ተነሡና ከቤቱ ጀርባ ጀምረን እንዙር።

በመጀመሪያ ዕቃዎቹ። የአሸንዳ በርሜል፣ ክዳኑ የተሰበረ ጀሪካን፣ ሮቶ፣ የዶሮ መጠጫ፣ የአበባ ማስቀመጫ፣ የተጣለ ጎማ፣ የቲማቲም ድልህ ቆርቆሮ፣ የተሰበረ ጀበና። የማያስፈልገውን ቅበሩ ወይም አስወግዱ። የሚያስፈልገውን ገልብጡ። ውሃ የሚጠራቀምበትን ደግሞ ቀዳዳ በሌለው ጨርቅ ወይም ወንፊት ሸፍናችሁ አፉን በገመድ እሰሩ። በርሜሉን ስታጠቡ ውሃውን መድፋት ብቻ አይበቃም፤ የውስጥ ግድግዳውን በብሩሽ ወይም በአሸዋ ፈግፍጉት። ኤደስ እንቁላሏን ከውሃው ከፍ አድርጋ ግድግዳው ላይ ትለጥፋለችና። ያ እንቁላል ደርቆ ለወራት ይቆይና ውሃ ሲያገኝ ይፈለፈላል። አሸንዳውንም አትርሱ፤ ቅጠል የደፈነው አሸንዳ ከጣሪያ ሥር የተሰቀለ ኩሬ ነው።

ይህ የዕቃ ጉዳይ ቀድሞ ከወባ ጋር እምብዛም አይያያዝም ነበር። በአገራችን ዋነኛዋ የወባ ቢንቢ በየሜዳው ባለ ጥልቀት የሌለው ውሃ የምትራባ ናትና። እ.ኤ.አ. በ2016 ግን ቀብሪ ደሃር ላይ ከእስያ የመጣች ስቴፈንሳይ የተባለች የወባ ቢንቢ ተገኘች። እርሷ በከተማ፣ በበርሜልና በውሃ ማጠራቀሚያ ትራባለች። እ.ኤ.አ. በ2022 ድሬዳዋ ውስጥ ለተነሣው የወባ ወረርሽኝም ተጠያቂዋ እርሷ መሆኗን ተመራማሪዎች አረጋግጠዋል። ስለዚህ የበርሜል ክዳን የንጽሕና ጉዳይ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ቀጥሎ ጉድጓዶቹ። የጭቃ ቤት የሠራ ሁሉ ከቤቱ አጠገብ አንድ ነገር ትቶ ያልፋል፤ ለግድግዳው ጭቃ ያወጣበትን ጉድጓድ። ቤቱ ካለቀ ዓመታት ቢያልፉም ጉድጓዱ እዚያው ነው፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ይሞላል። የከብት ኮቴ ያጎደጎደው መሬት፣ የመኪና ጎማ የቦረቦረው መንገድ፣ የእጥበት ውሃ የሚተኛበት ቦይም እንደዚሁ። የአገራችን ዋነኛ የወባ ቢንቢ የምትወደው ይህን ነው፤ ፀሐይ የሚያገኘው፣ ጥልቀት የሌለው፣ የረጋ ውሃ። ጉድጓዱን በአፈርና በድንጋይ ሙሉት፤ አፈር ካነሰ ወደ ታች የሚያፈስ ቦይ ቅደዱለት። የከብቶቹን በረትም ከምትተኙበት ክፍል አርቁ። ይህች ቢንቢ ከብትም ሰውም ትነክሳለች፤ ከብቱ ቤት ውስጥ ሲያድር እርሷን አብሮ ይጋብዛታል።

እዚህ ላይ ቡና ዘርጊዎችን አንድ ነገር እናሳስባችሁ። በጥላ ዛፍ ሥር ያለ መሬት ቀዝቃዛ ነው፤ በዚያ ያለ ውሃ ለወባ ቢንቢ አይመቻትም። ዛፉ ተቆርጦ መሬቱ ሲገለጥ ግን ያው ውሃ ፀሐይ ያገኛል፤ ይሞቃል፤ እጩም በፍጥነት ያድጋል። የጥላ ዛፍ ቡናን ብቻ አይደለም የሚጠብቀው።

ሦስተኛው መጸዳጃ ቤቱ ነው። ውሃ የያዘ ጉድጓድና የቆሸሸ ፍሳሽ ሌሊት ጆሮ ላይ ጮሃ እንቅልፍ የምትነሳዋን ኩሌክስ የተባለችውን ቢንቢ ያራባሉ። ቀዳዳውን ክደኑ፤ የአየር ማስወጫውን ቱቦ አፍ በወንፊት ዝጉ። እሸት ቡና የምትፈለፍሉም የተረፈ ምርቱንና የእጥበቱን ውሃ ደጃፍ ላይ አታስተኙ።

በቆሎና ጎደሬ

አሁን ወደ አንድ አስቸጋሪ ጉዳይ እንመጣለን። በጓሮአችን ያለው ሁሉ የሚደፋና የሚገለበጥ አይደለም። የምንበላውስ?

በቆሎን እንውሰድ። ምዕራብ ጎጃም ቡሬ አካባቢ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት አንድ ያልተጠበቀ ነገር አሳይቷል። በቆሎ በብዛት በሚዘራባቸው ቦታዎች የወባ ሕመም በጥቂቱ ከሚዘራባቸው ይልቅ ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ሆኖ ተገኘ። ምክንያቱ በቆሎው ሲያብብ የሚረግፈው ብናኝ ነው። ብናኙ አጠገቡ ባለው ኩሬ ላይ ሲያርፍ ለእጮቹ ምግብ ይሆናቸዋል፤ ቶሎ ያድጋሉ፣ ጠንክረውም ይወጣሉ። በቆሎ አትዝሩ አንልም። ነገር ግን በቆሎውን ከመኝታ ቤት መስኮትና ውሃ ከሚተኛበት ረግረግ አርቃችሁ ዝሩ፤ ከቤት አጠገብ ያለውን ቦታ ለጎመን፣ ለእርድ፣ ለኮረሪማ ተዉት። በተለይ በቆሎው በሚያብብበት ሰሞን በማሳው ዙሪያ ያለውን ውሃ አፍስሱ።

ጎደሬና እንሰት ደግሞ የራሳቸው ታሪክ አላቸው። ታላላቆቻችን የሚያስታውሱት ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1962 በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ፣ በኦሞና በዴዴሳ ሸለቆዎች ቢጫ ወባ ገብቶ ነበር። ስሙ ወባ ቢሆንም በሽታው ሌላ ነው፤ መንሥኤው ቫይረስ ነው። ወደ 100,000 ሰው እንደታመመና ወደ 30,000 ሰው እንደሞተ ይገመታል። አፍሪካ ውስጥ ከታዩት የቢጫ ወባ ወረርሽኞች ከፍተኛው ከሚባሉት አንዱ ነው። ለምርመራ የወጡ ባለሙያዎች በሽታውን በመንደር ያዛመተችውን ቢንቢ ፈልገው ያገኟት በረግረግ ሳይሆን በየቤቱ ጓሮ ነበር። የእንሰትና የጎደሬ ቅጠል ከግንዱ በሚወጣበት ብብት ውስጥ ጥቂት የዝናብ ውሃ ይጠራቀማል። አንድ የቡና ሲኒ የማይሞላ ውሃ! ቢንቢዋ የምትራባው እዚያ ነበር።

ያ ዘመን ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። ቢጫ ወባ በ2005 ዓ.ም በደቡብ ኦሞ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በወላይታ፣ በ2012 ዓ.ም ደግሞ በጉራጌ ታይቷል።

ታዲያ እንሰቱን እንቁረጥ? ጎደሬውን እንንቀል? በፍጹም። የልጆቻችንን ጉርሻ ነቅለን የምናመጣው ጤና የለም። የምናደርገው ይህ ነው። ከመስኮትና ከበረንዳ ሥር አትትከሏቸው፤ ጥቂት አርቁ። የደረቁትንና ያረጁትን የታች ቅጠሎች በየጊዜው አንሡ። ብብቱ ውስጥ መርዝ አትርጩ፤ የምትበሉት ነውና። የቢጫ ወባ ክትባት ሲታወጅ ደግሞ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ከሁሉ ቀድማችሁ ውጡ። በዚህ በሽታ ላይ የጓሮ ሥራ የማይተካው ነገር ክትባት ነው።

ሰዎች የሚጠይቁን

«ጭስስ?» የሚል ጥያቄ ሁልጊዜ አለ። ከሰሜን መጥታችሁ በዚህ የሰፈራችሁ ወገኖች ጥንጁትን ታውቁታላችሁ፤ ወይራንም እንደዚሁ። የእነዚህና የሽቶ ባህር ዛፍ ጭስ ቢንቢን እንደሚያርቅ በአገራችን የተደረጉ ጥናቶች ያረጋግጣሉ። ነገር ግን ጭሱ ሲበርድ ቢንቢዋ ትመለሳለች። ደግሞም የተዘጋ ክፍል ውስጥ ጭስ ለሕፃን ሳንባ ጠላት ነው። ስለዚህ ውጭ፣ በረንዳ ላይ፣ ምሽት ላይ ይሁን፤ ሕፃን በተኛበት ክፍል ግን አይሁን።

«ጠጅ ሳር ብተክልስ?» ትከሉ፤ ለሻይም መልካም ነው። ይሁን እንጂ የተተከለ ጠጅ ሳር እንዲሁ ቆሞ ቢንቢን አያባርርም። ቢንቢን የሚያርቀው ቅጠሉ ሲታሽ የሚወጣው ዘይት ነው፤ እርሱም ለአጭር ጊዜ ብቻ ነው። ጤና አዳምም ሆነ ዳማ ከሴ ተክላችሁ ያንን በርሜል ክፍት ከተዋችሁት ምንም አላደረጋችሁም።

«የቡና አተላ ቢንቢ ይገድላል የሚባለው እውነት ነው?» ይህ ጥያቄ ከቡና አገር መምጣቱ ተገቢ ነው። ብራዚል ውስጥ የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2003 የታተመ ጥናት ካፌይንና ያገለገለ ቡና የኤደስን እጭ እድገት እንደሚያግዱ አሳይቷል። ነገር ግን ይህ በቤተ ሙከራ፣ በትንንሽ ዕቃ የታየ ነው። ከአበባ ማስቀመጫ ሥር ባለው ሳህን ላይ አተላ ማድረግ አይጎዳም፤ ከዚያ የሚሻለው ግን ሳህኑን መድፋት ነው። ለመጠጥና ለምግብ ማብሰያ በሚሆን ውሃ ውስጥ ግን አተላ አይጨመርም፤ እርሱን መክደን ነው።

«የተቃጠለ ዘይት ወይም ናፍጣ ውሃው ላይ ባፈስስ?» እጩ አየር አጥቶ ይሞታል፤ እውነት ነው። ነገር ግን ዘይቱ አፈራችሁን ያበላሻል፤ ዝናብ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጎረቤት የውሃ ጉድጓድ ይሄዳል። ያንን ኩሬ ለመሙላት የሚያስፈልገው አሥር ጋሪ አፈር ከሆነ፣ አሥር ጋሪ አፈር ይምጣ። እንዶድም እንደዚሁ ነው። ልብስ ለማጠብ የታወቀ ተክላችን ነው፤ ጅረት ውስጥ ሲገባ ግን ዓሣ ይጨርሳል።

«ልንደፋውም ልንሞላውም የማንችለው ኩሬስ?» ዓሣ ጨምሩበት። በምዕራብ ኬንያ ኪሲ አካባቢ በተተዉ የዓሣ ኩሬዎች ውስጥ ቆሮሶ ተጨምሮ ከ15 ሳምንት በኋላ የወባ ቢንቢ እጮች ከ94 በመቶ በላይ መቀነሳቸውን እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣ ጥናት ያሳያል። ዓሣውም ለገበታ ይተርፋል። የኩሬውን ዳር ሣር ግን አጭዱ፤ እጮች ከዓሣ የሚሸሸጉት እዚያ ነውና። ከዚህም ሌላ ቢቲአይ የሚባል፣ እ.ኤ.አ. በ1976 በእስራኤል ኔጌቭ በረሃ የተገኘ ባክቴሪያ አለ። የቢንቢን እጭ ይገድላል፤ ሰውን፣ ንብንና ዓሣን ግን አይነካም። ይህን የሚጠቀሙት የሠለጠኑ ሰዎች ስለሆኑ በሠፈራችሁ ትልቅ ረግረግ ካለ የጤና ጽሕፈት ቤቱን አነጋግሩ።

ብቻችንን አንችልም

ቢንቢ አጥር አታውቅም። ኤደስ ከተወለደችበት ብዙም አትርቅም፤ ከጥቂት መቶ ሜትር የማትበልጥ ናት። የወባዋ ቢንቢ ግን ሁለትና ሦስት ኪሎ ሜትር ልትበርር ትችላለች። ስለዚህ የእኔ ንጹሕ ጓሮ የጎረቤቴ ቸልተኝነት ሲጨመርበት ዋጋው ይቀንሳል። የጎረቤቴ ንጹሕ ጓሮም የእኔ ቸልተኝነት ሲጨመርበት እንደዚሁ። ልጄን አሞ የተኛው በሽታ ከእርሳቸው ጎማ ውስጥ መጥቶ ይሆናል፤ የእርሳቸውን ልጅ የጣለው ደግሞ ከእኔ በርሜል።

ሰዎች ሲተባበሩ ምን እንደሚሆን ታሪክ ያሳየናል። ኩባዊው ሐኪም ካርሎስ ፊንላይ ቢጫ ወባን ቢንቢ እንደምታስተላልፍ እ.ኤ.አ. በ1881 ሲናገር ብዙዎች አላመኑትም። በ1900 እውነትነቱ ተረጋገጠ። በ1901 የሃቫና ከተማ የጤና ሠራተኞች በየቤቱ ጓሮ እየገቡ በርሜል መክደንና የረጋ ውሃ ማጥፋት ጀመሩ። ለብዙ ዘመን ከዚያች ከተማ ያልጠፋው ቢጫ ወባ በዚያው ዓመት መስከረም ላይ ጠፋ። ክትባቱ ገና አልተገኘም ነበር።

ወደ አገራችን እንምጣ። በትግራይ ደባ በተባለች መንደር ግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሰዎች ጉድጓድ ሞልተው፣ የረጋ ውሃ አፍስሰው፣ ከግድቡ የሚሰርገውን ውሃ ገድበው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመው ጥናት እንደሚለው የወባ ቢንቢዎቹ ቁጥር በግማሽ ያህል ቀነሰ። አካፋና ዶማ ይዘው ነው ይህን ያደረጉት። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው እንዲህ ሲሆን ነው።

በዚህ አጋጣሚ አንድ ጥያቄ እናቅርብ። የቤተ ክርስቲያናችን ግቢስ እንዴት ነው? ለግንባታ ውሃ የተጠራቀመበት በርሜል፣ ብሎኬት የተመታበት ጉድጓድ፣ ከድንኳኑ ጀርባ የተከመረው ጎማ አሁንም አለ? የማታ ጸሎት ላይ የሚቀመጡ እናቶችና ሕፃናት የሚነከሱት እዚያው ነው። ወጣቶች አንድ ቅዳሜ ጠዋት አካፋ ይዘው ቢወጡ ለሠፈሩ ሁሉ ምሳሌ ይሆናሉ። አቅመ ደካማ የሆኑትንና ብቻቸውን የሚኖሩትን አዛውንት ጓሮም አትለፉ። ጉድጓዱን ለመሙላት ጉልበት የሌላቸው እነርሱ ናቸው።

ወሰኑንም እንወቅ

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ ያልነው ጓሮአችሁን ካጸዳችሁ በኋላ አጎበሩን አጣጥፋችሁ እንድታስቀምጡ አይደለም። የጓሮ ሥራ ቢንቢን ይቀንሳል፤ አያጠፋም። በወባ አካባቢ አንዲት ቢንቢ ትበቃለች። ስለዚህ አጎበር በየሌሊቱ ይዘርጋ፤ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ከሁሉ አስቀድመው ይግቡበት። ቀዳዳው ይሰፋ። አጎበሩን በሳፋ እንጂ ወንዝ ውስጥ አትጠቡት፤ የተነከረበት መድኃኒት ዓሣ ይገድላል።

ትኩሳት፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ ራስ ምታት ሲመጣ ደግሞ «ጉንፋን ነው» ብላችሁ አትቆዩ፤ ካለፈው የተረፈ ክኒንም አትዋጡ። በዚያው ቀን፣ ቢዘገይ በ24 ሰዓት ውስጥ ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ ተመርመሩ። የተሰጣችሁን መድኃኒት ቢሻላችሁም እስከ መጨረሻው ጨርሱ። በደሙ ወባ ይዞ የሚውል ሰው ቢንቢ ነክሳው ወደ ሌላው ታሻግረዋለችና፣ ቶሎ መታከምም ጎረቤትን መጠበቅ ነው።

የቅዳሜ ጠዋት ግማሽ ሰዓት

ከዚህ በታች ያለውን ቆርጣችሁ ከበሩ ጀርባ ለጥፉት። ለልጆች ተራ አውጡላቸው፤ ባትሪ ይዞ እጭ መፈለግ ይወዳሉ።

1. ውሃ የያዘ የማያስፈልግ ዕቃ ሁሉ ይደፋ፣ ይገልበጥ ወይም ይቀበር።
2. በርሜሉ ይደፋ፣ ግድግዳው ይፈግፈግ፣ አፉ በጨርቅ ወይም በወንፊት ይታሰር።
3. የዶሮና የውሻ መጠጫ ውሃው ይቀየር።
4. አሸንዳው ከቅጠል ይጽዳ።
5. አዲስ የተጎደጎደ መሬት ይሞላ፤ የእጥበት ውሃው ቦይ ይከፈት።
6. የመጸዳጃ ቤቱ ክዳንና ወንፊት ይታይ።
7. የጎደሬውና የእንሰቱ የደረቀ ቅጠል ይነሣ።
8. አጎበሩ ይታይ፤ ከተቀደደ ይሰፋ።
9. ከዚያ ከአጥሩ ማዶ ያለውን ጎረቤት «እንደምን አደሩ? ያንን ጎማ አብረን እናንሣው?» በሉ።

ዘጠነኛው ከሁሉ ይከብዳል፤ ጎረቤት እንዳይቀየም እንፈራለን። ነገር ግን መጀመሪያ የራሳችንን በርሜል ከድነን ከሄድን ቃላችን ይሰማል። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ይላሉ። የትኩሳቱ ሌሊት ከመምጣቱ በፊት፣ ልጅ ታቅፎ በጨለማ ወደ ጤና ጣቢያ ከመሮጥ በፊት፣ በአንድ ባልዲና በአንድ አካፋ የሚሠራ ሥራ ደጃፋችን ላይ አለ።

እስከሚቀጥለው እትም በሰላም ያገናኘን።